ከማደያው ሥር ያለው ውሃ

(የመግቢያ ሙዚቃ፦ በባቲ ቅኝት የሚመታ ክራር፤ ቀስ በቀስ ይቀንሳል)

በባቲ፣ በከሚሴ፣ በሰንበቴ፣ በደዋ ጨፋ፣ በአርጡማ ፉርሲ፣ በጅሌ ጥሙጋና በደዌ ሃረዋ ሆናችሁ ሬዲዮናችሁን የከፈታችሁ ሁሉ፣ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ነዳጅ ነው። ዋጋውንና ሰልፉን ለሌላ ቀን እናቆየውና፣ ከመሬት በታች ተቀብሮ ስለሚቀመጠው ነዳጅና ከጎኑ ስላለው የጉድጓድ ውሃ እንነጋገር።

ነዳጅ ማደያ ሲባል ዓይናችን የሚያርፈው ጣሪያው፣ መቅጃ ማሽኑና ተራውን የሚጠብቀው ባጃጅ ላይ ነው። ነዳጁ ግን ያለው ከሥር ነው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሊትር የሚይዝ ታንከር መሬት ተቆፍሮ ይቀበራል፤ ከታንከሩ እስከ ማሽኑ ያለው ቧንቧም ተቀብሮ ነው የሚሄደው። ብረቱ ሲዝግ፣ የቧንቧው መጋጠሚያ ሲላላ፣ መሬቱ ሲሰምጥ የሚያይ ሰው የለም። መፍሰሱ የሚታወቀው በምርመራ ነው። ምርመራው ደግሞ የጉድጓዱ ውሃ ነዳጅ ነዳጅ እስኪሸት ከተጠበቀ ብዙ ነገር ካመለጠ በኋላ ይሆናል።

ነገሩ ለእኛ ቅርብ ነው። ባቲን የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሰኞ ገበያዋን ያውቃል፤ አፋሩ ከቆላ፣ አማራውና ኦሮሞው ከደጋና ከወይና ደጋ የሚገናኙበት ገበያ ነው። ያንን ገበያ የሚያቋርጠው መንገድ ደግሞ ለብዙ አሥርት ዓመታት የነዳጅ መንገድ ሆኖ ቆይቷል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ደሴንና ኮምቦልቻን ከአሰብ ወደብ ጋር ያገናኘበት መንገድ ነው። አሰብ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1997 የነዳጅ ማጣሪያ ይሠራ ነበር፤ ለወሎና ለሰሜኑ የሚወጣው ነዳጅም በዚሁ በኩል ያልፍ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ የአሰብ በር ተዘጋ፤ ነዳጁም ከጅቡቲ በገላፊና በሚሌ መምጣት ጀመረ። መነሻው ተለወጠ እንጂ ለኮምቦልቻና ለደሴ የሚመጣው ቦቴ ዛሬም ከሚሌ ታጥፎ በባቲ በኩል ነው ዳገቱን የሚወጣው። ከሚሴ ደግሞ በአዲስ አበባና በደሴ መንገድ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። እንዲህ ባለ መስመር ላይ ማደያ ይከፈታል፣ ይሸጣል፣ ስሙ ይለወጣል፣ ይዘጋል። የተቀበረው ታንከር ግን ብዙ ጊዜ እዚያው ይቀራል።

ውሃችንም የሚመጣው ከዚያው መሬት ነው። የቦርከና ወንዝ ከደሴና ከኮምቦልቻ በኩል ወርዶ የጨፋን ሜዳ አቋርጦ ወደ አዋሽ ይሄዳል። ጨፋ ረግረጋማ ነው፤ በብዙ ቦታው ውሃው ከመሬቱ ገጽ ብዙም አይርቅም። በበጋ የአፋርም የኦሮሞም አርብቶ አደር ከብቱን ይዞ የሚሰበሰብበት በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ስናገር አንድ የታወቀ ማደያ አፍስሷል እያልኩ አይደለም። ነዳጅ የሚቀበርበትና ውሃ የሚቀዳበት መሬት አንድ ከሆነ ሊጠየቁ የሚገባቸው ጥያቄዎች አሉ፤ ጠያቂውም ነዋሪው ነው።

እስቲ ስለ ጠብታ እናስላ። አንድ ቧንቧ በየሰከንዱ አንድ ጠብታ ቢያንጠባጥብ፣ በቀን 86,400 ጠብታ ነው። 20 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ይሆናል ብንል በቀን ከ4 ሊትር በላይ፣ በዓመት ደግሞ 1,600 ሊትር ገደማ ይፈሳል። በወር 60,000 ሊትር ለሚሸጥ ማደያ ይህ ከቁብ የሚቆጠር ኪሳራ ላይመስል ይችላል። ከማደያው ቁልቁል ጉድጓድ ያለው ቤተሰብ ግን ከዚያው ውሃ ነው የሚጠጣው።

ታዲያ ይህን ጠብታ ማን ያገኘዋል? የመጀመሪያው መርማሪ የማደያው መዝገብ ነው። በየማለዳው መለኪያ ዘንግ ወደ ታንከሩ ይወርዳል፤ ነዳጁ እስከ ስንት ሴንቲ ሜትር እንዳረጠበው ይነበብና ወደ ሊትር ይመነዘራል። ትናንት የነበረው፣ ቦቴ ያራገፈው ሲደመር፣ በማሽኑ የተሸጠው ሲቀነስ፣ ዛሬ በዘንግ ከተለካው ጋር መግጠም አለበት። አንድ ቀን ቢጎድል አንድ ቀን ቢተርፍ የተለመደ ነው። ጉድለቱ ወር ከወር ወደ አንድ ወገን ብቻ ካዘነበለ ግን ነገር አለ።

የእኛ አካባቢ ሙቀት እዚህ ላይ የሚያመጣውን ልዩነት ልብ በሉ። ቤንዚን በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ከሺህ አንድ እጅ ያህል ሲሞቅ ያብጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። 40,000 ሊትር የጫነ ቦቴ የአፋርን ቆላ አቋርጦ ሞቆ ባቲ ቢደርስና ያ ነዳጅ ከመሬት በታች ገብቶ 10 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ፣ አንዲት ጠብታ ሳትፈስ 400 ሊትር ገደማ የጎደለ ይመስላል። በዚህ የተነሳ አንዳንድ የማደያ ሠራተኛ ሁሉንም ጉድለት «ትነት ነው፣ ሙቀት ነው» ብሎ ያልፈዋል። በሙቀት የመጣ ጉድለት ግን የቦቴውን መምጫ ቀን እየተከተለ ነው የሚታየው። ቦቴ ባልመጣበት ሳምንት፣ ሽያጭ በሌለበት ሌሊት የሚጎድል ነዳጅ የሄደበት ቦታ አለ። ማታ ማደያው ሲዘጋ ለክቶ ጠዋት ከመከፈቱ በፊት እንደገና መለካት ምንም ወጪ የለውም፤ ብዙ ነገርም ያሳያል።

መዝገቡ ግን ሁሉን አይዝም። በአሜሪካ የማደያ ሕግ አንድ ማደያ በወር ከሚሸጠው 1 ከመቶ እና በተጨማሪ 130 ጋሎን፣ ማለትም 490 ሊትር ያህል፣ ቢለያይበት ገና ለፍሳሽ አይጠረጠርም። ቀደም ሲል ያሰላነው ጠብታ በወር 130 ሊትር ነው፤ በዚህ ወንፊት ያልፋል። ከዚህ የጠነከረው ምርመራ ታንከሩንና ቧንቧውን ዘግቶ ግፊቱን ወይም የነዳጁን ከፍታ በረቀቀ መሣሪያ መከታተል ነው፤ በዚያው አገር ደንብ ይህ ምርመራ በሰዓት 0.1 ጋሎን፣ ወደ 0.4 ሊትር የሚጠጋ ፍሳሽ መያዝ አለበት። የእኛ ጠብታ በሰዓት 0.18 ሊትር ስለሆነ ይህንንም ሊያመልጥ ይችላል። አዲስ የሚቀበር ታንከር ባለ ሁለት ግድግዳ ይሁን፣ በግድግዳዎቹ መካከል ፍሳሽ የሚጠቁም መሣሪያ ይግባበት የሚባለው፣ በማደያው ዙሪያም የክትትል ጉድጓድ ይኑር የሚባለው ለዚህ ነው። ይህን ቅንጦት አድርጎ የሚያይ ባለሀብት ካለ፣ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1984 ሕግ ካወጣች ወዲህ ያፈሰሱ ታንከሮች ተቆጥረው ከግማሽ ሚሊዮን በላይ መሆናቸውን ይወቅ። አብዛኞቹ ድሮ የተቀበሩ፣ ከዝገት መከላከያ ያልነበራቸው ባዶ ብረት ነበሩ።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ጥርጣሬ ተነሥቷል እንበል። መርማሪዎች ወደ አንድ ማደያ ሲመጡ መቆፈሪያ ከመትከላቸው በፊት ይጠይቃሉ። ታንከሩ መቼ ተቀበረ? ከምን የተሠራ ነው? በፊት የተቀበረ ሌላ ታንከር ነበረ ወይ? ነዳጅ የሚራገፍበት አፍ የት ነበር? የሰሜኑ ጦርነት በ2014 ዓ.ም. ወደ ኮምቦልቻ፣ ባቲና ከሚሴ በደረሰ ጊዜ ማደያው ምን ሆነ? መዝገቡ ተርፏል? ታንከሩ ነዳጅ እንደያዘ ስንት ጊዜ ቆመ? እነዚህን የሚመልሰው ብዙ ጊዜ ወረቀት ሳይሆን ሰው ነው፤ ድሮ ነዳጅ ቀጂ የነበረው፣ ዘበኛው፣ ከማደያው ጀርባ ሻይ የምትሸጠው እናት። እኔ ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ይልቅ በእነሱ ትዝታ አምናለሁ። የዛሬው ማደያ ንጹሕ ሆኖ ብክለቱ ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በፊት ከተረሳ ታንከር የመጣ ሊሆን ይችላልና። ድሮ የተበከለ መሬት ላይ እርሳስም ይፈለጋል፤ ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች እርሳስ የተቀላቀለበትን ቤንዚን የተዉት እስከ እ.ኤ.አ. 2006 መጀመሪያ ድረስ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የጉድጓዶች ቆጠራ ነው። በማደያው ዙሪያ ያለ የእጅ ጉድጓድ፣ የእጅ ፓምፕ፣ ምንጭ፣ የከተማው ጥልቅ ጉድጓድ፣ ሁሉም በካርታ ላይ ይሰፍራል፤ ጥልቀቱ ስንት ነው፣ ማን ይጠጣዋል፣ ለከብት ብቻ ነው ወይስ ለሰው? በግቢ ውስጥ ያለ፣ የትም ያልተመዘገበ ጉድጓድ እዚህ ላይ ይረሳል። ከመርማሪ ጉድጓድ መደበቅ ራስን ነው የሚጎዳው፤ አሳዩ።

ከዚያ በኋላ አፈሩ ይመረመራል። በእጅ የሚዞር መሰርሰሪያ ጥቂት ሜትር ይወርዳል፤ ከዚያ በታች ማሽን ያስፈልጋል። ነዳጅ ሲፈስ በመጀመሪያ ወደ ታች ይወርዳል፤ በመንገዱ በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ጥቂት ጥቂቱን እየተወ ይሄዳል። ውሃው ጋ ሲደርስ ከውሃ ስለሚቀል ወጥ ላይ እንደሚንሳፈፍ ዘይት ከላዩ ይቀመጣል። ክረምት ሲገባ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከፍ ይላል፣ ነዳጁንም ይዞት ይወጣል፤ በበጋ ዝቅ ሲል ነዳጁም አብሮ ይወርዳል። በየዓመቱ ሲወጣና ሲወርድ አንድ ወይም ሁለት ሜትር ያህል አፈር በነዳጅ ይለቀለቃል። በዚህ የተነሳ የአፈር ናሙና በአንድ ጥልቀት ብቻ ተወስዶ «ንጹሕ ነው» ቢባል ተቀባይነት የለውም። ከየሜትሩ ተወስዶ፣ በተለይ ውሃው ከሚንቀሳቀስበት ከፍታ ተወስዶ ነው የሚታየው። ባለሙያው ጥቂት አፈር በላስቲክ ከረጢት አስሮ ለጥቂት ደቂቃ ያቆየዋል፤ ከዚያ ተን በሚለካ መሣሪያ ከረጢቱ ውስጥ ያለውን አየር ይፈትሻል። ቁጥሩ ከፍ ያለበት ጥልቀት ናሙናው ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል።

ውሃውን ለመመርመር የክትትል ጉድጓዶች ይቆፈራሉ፤ ቢያንስ ሦስት። ሦስት የሆኑበት ምክንያት ግልጽ ነው። የከርሰ ምድር ውሃ ይሄዳል፤ ወዴት እንደሚሄድ ግን ከላይ ሆኖ አይታይም። የሦስቱም ጉድጓዶች አፍ ከፍታ በቀያሽ መሣሪያ ተለክቶ፣ በውስጣቸው ያለው ውሃ ከፍታ ሲታወቅ፣ ውሃው ከከፍተኛው ወደ ዝቅተኛው በየት አቅጣጫ እንደሚያዘነብል ይወጣል። ሁለት ጉድጓድ አቅጣጫን አይሰጥም። ጉድጓዶቹ አንዱ ከማደያው በላይ፣ ሌሎቹ ከማደያው በታች ሲሆኑ ከማደያው በላይ ያለው ንጹሕ፣ ከታች ያሉት የተበከሉ ከሆነ ምንጩ መሃል ላይ መሆኑ ይነበባል። የጉድጓዱ ቧንቧ ውሃ እንዲያስገባ የተሰነጠቀበት ክፍል የውሃውን ገጽ ከላይም ከታችም ማካለል አለበት፤ ጠልቆ ብቻ ከተሠራ የሚንሳፈፈው ነዳጅ አይገባበትም፣ መርማሪውም ንጹሕ ውሃ አገኘሁ ብሎ ይሄዳል። ላዩም ቤንቶናይት በሚባል፣ ውሃ ሲነካው በሚያብጥ ሸክላ ይደፈናል፤ አለዚያ ከግቢው የሚታጠበው ነዳጅ በራሱ በጉድጓዱ በኩል ወርዶ ውሃውን ይበክለዋል።

መሬታችን ሁሉ አንድ ዓይነት ባለመሆኑ ሥራው ይከብዳል። ጨፋ ሜዳ ላይ ወንዝ ያመጣው ደለል፣ አሸዋና ሸክላ ተደራርቦ ነው ያለው፤ ነዳጅ በአሸዋው ይሄዳል፣ ሸክላው ጋ ሲደርስ ወደ ጎን ይታጠፋል። ባቲ አካባቢ ግን ከእሳተ ገሞራ የመጣ ድንጋይ አለ፤ ውሃውም ነዳጁም በስንጥቅ ውስጥ ነው የሚሄዱት። እ.ኤ.አ. በ1995 በካሊፎርኒያ ብዙ ያፈሰሱ ማደያዎች ተጠንተው በውሃ ውስጥ የሟሟው፣ ቤንዝን የሚባለው የነዳጁ ኬሚካል ብክለት በአብዛኛው ከ80 ሜትር ብዙም እንደማያልፍ ታይቷል፤ በአፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ይበሉታልና። ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ግን በደለል መሬት ላይ የተገኘ ልክ ነው። በተሰነጠቀ ድንጋይ ውስጥ ብክለቱ በአንድ ስንጥቅ ሄዶ ሩቅ ጉድጓድ ውስጥ ሊወጣ፣ በቅርብ ያለውን ሊዘለው ይችላል። ባቲ ላይ «የጎረቤቴ ጉድጓድ ደህና ነው» ማለት «የእኔም ደህና ነው» ማለት አይሆንም።

አሁን ናሙናው ሲቀዳ እንይ። ባለሙያው የሚይዘው ጠርሙስ ከአውራ ጣት ብዙም አይበልጥም፤ 40 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ብርጭቆ ነው። ሃይላንድ ውስጥ የቀዳችሁት ውሃ ለዚህ ምርመራ አይሆንም፤ ፕላስቲኩ ኬሚካሉን ይመጥጣል፣ የቀረውም ይተናል። ባለሙያው ጠርሙሱን ያዘነብለዋል፤ ውሃው ግድግዳውን ተከትሎ ሳይፈናጠር ቀስ ብሎ ይገባል። አፉ ጋ ሲደርስ አያቆምም፤ ውሃው ከአፉ በላይ ትንሽ እስኪያብጥ ይጠብቃል። ክዳኑን ያጠብቃል፣ ይገለብጠዋል፣ በጣቱ መታ መታ ያደርገዋል። አንዲት የአየር አረፋ ወደ ላይ ስትወጣ ካየ ይደፋዋል፤ እንደገና ይቀዳል። የሚፈለገው ነገር ወደዚያች አረፋ ስለሚሸሽ ነው። ከዚያ በረዶ ውስጥ ገብቶ ጋዝ ክሮማቶግራፍ ወደሚባል መሣሪያ ይላካል፤ በአሲድ ከተጠበቀ በ14 ቀን ውስጥ መመርመር አለበት። ከባቲ እስከ አዲስ አበባ በሙቀት ውስጥ ያለ በረዶ የመጣ ናሙና «ንጹሕ» ቢባል አትመኑ። ወረቀቱን ስታዩ ናሙናው መቼ ተቀዳ፣ በምን ሁኔታ መጣ ብላችሁ ጠይቁ።

የሚፈለጉት ኬሚካሎች ቤንዝን፣ ቶሉይን፣ ኢትል ቤንዝን እና ዛይሊን ይባላሉ። ክፉው ቤንዝን ነው። ከምንቀዳው ቤንዚን ውስጥ አነስተኛ ክፍል ነው፤ ግን የአጥንት መቅኒን የሚጎዳና የደም ካንሰር የሚያመጣ መሆኑ ከተረጋገጠ ቆይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ልክ በሊትር 10 ማይክሮ ግራም ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ወደ 740 ግራም ይመዝናል፤ ከእሱ አንድ ከመቶ ቤንዝን ነው ብንል 7.4 ግራም ይሆናል። ይህ ሁሉ ውሃ ውስጥ ቢሟሟ 740,000 ሊትር ውሃ እስከዚያ ልክ ያደርሳል፤ በ20 ሊትር ጀሪካን ሲቆጠር 37,000 ጀሪካን። ከአንድ ሊትር ቤንዚን።

አፍንጫችንስ አይበቃም ወይ? ቤንዝን በውሃ ውስጥ ብቻውን ሲሆን የሚሸተው በሊትር 10 ሚሊ ግራም ገደማ ሲደርስ ነው፤ ይህ ከተፈቀደው ልክ አንድ ሺህ እጥፍ ነው። በነዳጁ ውስጥ ያሉት ሌሎቹ ኬሚካሎች ቀድመው ሊሸቱ ስለሚችሉ ሽታ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ከሸተ አትጠጡ። ያልሸተ ውሃ ግን በዚያ ብቻ ደህና ነው አይባልም።

ናይጄሪያ ውስጥ የደረሰውን ልንገራችሁ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2011 ስለ ኦጎኒ ምድር ባወጣው ጥናት፣ ኒሲሲኦከን ኦጋሌ በምትባል መንደር ሰዎች የሚጠጡት ጉድጓድ ውስጥ ቤንዝን ከዓለም ጤና ድርጅት ልክ ከ900 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። መርማሪዎቹ በአቅራቢያው በከርሰ ምድሩ ውሃ ላይ 8 ሴንቲ ሜትር የሆነ የተጣራ ነዳጅ ተንሳፍፎ አዩ። የዚያ ነዳጅ ምንጭ የተቀበረ ታንከር ሳይሆን የነዳጅ ማስተላለፊያ መስመር ነበር፤ መሬት ውስጥ ከገባ በኋላ ያለው ነገር ግን አንድ ነው። ሰዎቹ እየሸተታቸው ይጠጡ ነበር፤ ሌላ ውሃ ስላልነበራቸው።

ሀብታም ከተማም አልዳነም። በካሊፎርኒያ የሳንታ ሞኒካ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1996 ከመጠጥ ውሃዋ ግማሽ ያህሉን የሚሰጡ ጉድጓዶቿን ዘጋች፤ ቤንዚን ላይ የሚጨመር ኤም.ቲ.ቢ.ኢ. የሚባል ኬሚካል ከተቀበሩ ታንከሮችና ቧንቧዎች ሾልኮ ገብቶባቸው ነበር። እዚያ ውሃ ከሌላ ቦታ ገዝተው ቆዩ። ከጨፋ ጠርዝ ያለ መንደር ከየት ይገዛል?

አደጋው ውሃው ብቻ አይደለም፤ የነዳጅ ተንም አለ። በሜክሲኮ ጓዳላሃራ ከተማ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 22 ቀን 1992 ከመሬት በታች ያለው የፍሳሽ መውረጃ ፈንድቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከተቀበረ የነዳጅ ቧንቧ የፈሰሰ ቤንዚን ነበር የገባበት። ነዋሪዎቹ ከቀናት በፊት ጀምረው «ነዳጅ ይሸታል» ብለው ተናግረው ነበር። የሰው አፍንጫ ያስጠነቀቀውን ሰሚ ሲያጣ የሚሆነው ይህ ነው።

እንግዲህ ቤታችሁ ወይም ጉድጓዳችሁ ጋ ነዳጅ የሚሸት ከሆነ ማድረግ ያለባችሁን ልንገራችሁ። ለመፈተሽ ብላችሁ ክብሪት አትለኩሱ። ጉድጓዱን ለማጽዳት ሰው አታስገቡ፤ ከነዳጅ ተን የተነሣ ጉድጓድ ውስጥ አየር ያጥራል፣ የገባው ራሱን ይስታል፣ ሊያወጣው የወረደውም አብሮ ይቀራል። በሞተር የሚሠራ መሳቢያም አፉ ላይ አታስነሱ። ውሃውን ማፍላት ነዳጁን ወደ ቤታችሁ አየር ያመጣዋል። «ውሃ አጋር» የተባለው የውሃ ማከሚያ ተቅማጥ የሚያመጣ ተሕዋስን ይገድላል፤ ነዳጅን ግን አያወጣም። ለጊዜው ከቦኖ ወይም ከሌላ ጉድጓድ ቅዱ፤ ለልጆች፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለከብቶች ጭምር።

ውሃ ላይ ቀስተ ደመና የሚመስል ቀለም አይታችሁ ትደነግጡ ይሆናል። ጨፋን በመሰለ ረግረግ መሬት ብረት የሚበሉ ባክቴሪያዎች ተመሳሳይ ቆዳ ይሠራሉ። ለመለየት እንጨት ውሰዱና ቀለሙን ንኩት። እንደ ስስ ቅርፊት ተሰብሮ ተለያይቶ ከቀረ የባክቴሪያ ሥራ ነው። ተጠማዝዞ መልሶ ከተገናኘ ግን ዘይት ወይም ነዳጅ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ማረጋገጫ አይደለም፤ ባለሙያ ለመጥራት ግን ይበቃል።

ማደያው ብቻውንም ተጠርጣሪ አይደለም። ጋራዥ የተቃጠለ ዘይት መሬት ላይ ይደፋል፤ በየመንገዱ በጀሪካን የሚሸጠው ቤንዚን ይደፋል፣ እሳትም ያመጣል። ዳገቱ ላይ ቦቴ ሲገለበጥ ነዳጁን ለመቅዳት መሮጥ ነፍስ ያስከፍላል፤ የፈሰሰበት መሬት ግን ከዚያ በኋላ ማንም ሳይመረምረው እንዳይቀር ለወረዳው ተናገሩ።

መብታችሁን ላስታውሳችሁ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ብክለት ያደረሰ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲሸፍን ያስገድደዋል። ከሁሉ የሚጠቅማችሁ የዚሁ አዋጅ ሌላ ድንጋጌ ነው፤ አቤት ለማለት ጉድጓዱ የእናንተ መሆን የለበትም፣ በግል የተጎዳችሁበትንም ማስረዳት አይጠበቅባችሁም። ማንኛውም ሰው በአካባቢ ላይ ጉዳት ያደርሳል ወይም ሊያደርስ ይችላል ብሎ የሚያስበውን ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ማመልከት ይችላል። በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ካልረካ፣ በ60 ቀናት ውስጥ ለፍርድ ቤት ማቅረብ ይችላል። አዲስ ማደያ በሰፈራችሁ ሊሠራ ሲሆን ደግሞ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማው የት እንዳለ ጠይቁ፤ ያ በአዋጅ ቁጥር 299/1995 የተቀመጠ ነው። ታንከሩ ባለ ስንት ግድግዳ ነው? የክትትል ጉድጓድ አለው? ከእኛ ጉድጓድ ስንት ሜትር ይርቃል? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ታንከሩ ከመቀበሩ በፊት ሲነሱ መልሳቸው ርካሽ ነው፤ ከተቀበረ በኋላ በቁፋሮ ነው የሚመለሱት።

ማመልከቻው ላይ ሽታው የጀመረበትን ቀን፣ ሽታው የሚበረታው በክረምት ይሁን በበጋ፣ የጉድጓዱን ጥልቀት፣ ከማደያው ወይም ከጋራዡ ያለውን ርቀት በእርምጃም ቢሆን፣ ከዚያ ውሃ የሚጠጡትን ቤተሰቦች ብዛት ጻፉ። ዋናውን ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት፣ አንዱን ቅጂ ለቀበሌ፣ አንዱን ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት፣ አንዱን ለከተማው ውሃ አገልግሎት ስጡ፤ በእጃችሁ በሚቀረው ቅጂ ላይ የተቀበላችሁ ሰው ማኅተምና ቀን እንዲያሰፍርበት ጠይቁ። የ30 ቀኑ ቆጠራ የሚጀምረው ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ካስገባችሁበት ቀን ስለሆነ የዚያን ቅጂ ማኅተም በተለይ አትርሱ።



(መዝጊያ ሙዚቃ)